ኩፍ ያላለው ዳቦ

ሄልሲንኪ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1977

ለውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር በጣም ደህና ነኝ።

«ሰው እንዴት እንደሚበላ ለመማር ነው እንዴ ሄልሲንኪ ድረስ የሄድሽው? እሱንማ ጥጃም ያውቀዋል» ብለህ ለጻፍከው መልስ አጣሁለት። ለአይላ አነበብኩላት፤ አይላ ማለት አንድ ክፍል የምንጋራው፣ አብራኝ የምትማረው ልጅ ናት። ሳቋ አልቆም አለ። አሁን ማታ ማታ ከትምህርት ስንመለስ «ጥጃዋ፣ ዛሬ ምን አወቅሽ?» ትለኛለች።

ለሌላው ጥያቄህ ግን መልስ አለኝ። የለም፣ ዕድሜ ልክህን መራራ ቡና ስትጠጣ አትኖርም። ነርሷ ስኳር ተው አለችህ እንጂ የሚጣፍጥ ነገር ሁሉ ተው አላለችህም። እስቲ በዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ያለውን ነጭ ነገር በጣትህ ነክተህ ቅመሰው። ስኳር ይመስላል፣ እንደ ስኳር ይጣፍጣል፣ ስኳር ግን አይደለም። ከበርች እንጨት ነው የሚያወጡት። አንተ ዕድሜህን ሙሉ በመጥረቢያ ስትጥለው የኖርከው ዛፍ! እማዬ ብትኖር «ያን ሁሉ ዓመት ጣፋጩን ምድጃ ውስጥ ስንማግድ ከርመናል በለኛ» ትልህ ነበር። ደምህ ውስጥ ያለውን ስኳር እንደ ተራው ስኳር አያንረውም፣ ጥርስም አይበላም።

እዚህ እኛ ክፍል ተራ ስኳር ቡናው ውስጥ ሲጨምር መታየት የሚፈልግ ተማሪ የለም። ያሳፍራል፤ ቄስ መጠጥ ቤት እንደመገኘት ነው። ግማሹ የበርች ስኳር ይጠቀማል፣ ግማሹ ሳካሪን የሚሏትን ያቺን ትንሽ ሰው ሠራሽ ጣፋጭ እንክብል ጣል ያደርጋል። የበርች ስኳሩ ታዲያ ሲበዛ ሆድ ያላላል፣ እንዳትዘነጋ። አይላ ባለፈው ሳምንት በበርች ስኳር የተሠራ ከረሜላ ከነከረጢቱ ጨርሳ፣ የከሰዓቱን ትምህርት ከመጸዳጃ ቤት ነው የተከታተለችው።

ቅዳሜ ያንን እማዬ ትጋግረው የነበረውን ሄል ያለበት ዳቦ ጋግር። በስኳሩ ቦታ ይሄንን አድርግ፤ ብርጭቆ በብርጭቆ ነው፣ ሌላ ምንም አትለውጥ። እንዴት እንደወጣልህ ደግሞ ጻፍልኝ፣ ለመምህሮቼ እነግራቸዋለሁ።

ታኔሊን ሰላም በልልኝ። አሁንም ጠዋት ጠዋት የቤትህን ጭስ ያያል አይደል? ጭስ ካላየ ሐይቁን አቋርጦ እንደሚመጣ ሳስብ ነው እኔ እዚህ እንቅልፍ የሚወስደኝ። ከእሱ ሌላ እዚያ ማን አለህ? ውሻችንን ሩስካንም ያንን ቀይ ጆሮዋን ሳብ አድርገህ ሳምልኝ።

ልጅህ ሂልያ


ኦክቶበር 9 ቀን 1977

ለልጄ ለሂልያ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጉልበቴ እንደነበረ ነው፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል። ቆርቆሮሽ በሰላም ደርሷል። ፖስተኛው ነቅነቅ አድርጎ «ልጅህ አሸዋ ትልክልህ ጀመር እንዴ? እዚህ አሸዋ ጠፋ?» አለኝ። ሂድ ወደ ሥራህ ብዬ አባረርኩት።

ዳቦው እንዴት ሆነ ላልሽው፣ ጋግሬዋለሁ። እንዳልሽው ብርጭቆ በብርጭቆ። ኩፍ ብሎ ኩፍ ብሎ ትራስ አክሎ ነበር። እናትሽ ብታየው ትቀናለች። አንድም አላስተረፍኩም፣ ሁሉንም እኔው ጥርግ አደረግኩት። ሆዴም ጭጭ ብሏል። ስለዚህ ምንም አታስቢ፣ ትምህርትሽ ሥራ ላይ ውሏል። ለመምህሮችሽም ይህንኑ ንገሪልኝ።

ብቻ ሌላ ቆርቆሮ አትላኪ። ቡናዬን መራራውን ለምጄዋለሁ።

ሩስካን ሳምልኝ ላልሽው፣ ተኝታለች። ታኔሊን ሰላም በልልኝ ላልሽው፣ ሰሞኑን መንገዳችን አልተገጣጠመም። እሱም የራሱ ሥራ አለው፣ እኔም የራሴ ሥራ አለኝ።

የወፍ አደን ተከፍቷል። ዘንድሮ አልወጣሁም፤ ጫካው ጭር ብሏል። ሲነጋጋ ትንሽ እንቅልፍ ይነሳኛል። ቤቱ ድምፅ ያበዛል። አሮጌ ቤት ነው፣ እንጨቱ ሲቀዘቅዝ ይንቋቋል። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

አባትሽ ኦይቫ


ሄልሲንኪ፣ ኦክቶበር 23 ቀን 1977

ለአባዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ደጋግሜ አነበብኩት፣ አልለቅ አለኝ።

መምህራችን ሰሞኑን ለሁላችንም ወረቀት አደለችን። ስኳርን ስለሚተኩ ነገሮች ምን ታውቃላችሁ? ምንስ ትጠቀማላችሁ? የሚል ነው። እኛ መቼም የነገ የምግብ ባለሙያዎች ነን፤ ደረታችንን ነፍተን ሞላነው። ውጤቱን ስታነብልን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠን በወደድን። ሁላችንም እንጠቀማለን፣ የምንጠቀመው ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን እምብዛም የለም። ማር ውስጥ ስኳር የለም ብላ የጻፈች አለች። ስሟን አልነግርህም፤ አጠገቤ ተኝታ ታንኮራፋለች።

ከዚያ ሐሙስ ዕለት ወጥ ቤት ገብተን በየዓይነቱ ዳቦ ጋገርን። የእኔ ድርሻ የበርች ስኳሩ ነበር። አባዬ፣ ሊጡ ኩፍ አላለም። ጠበቅኩ፣ አሞቅኩት፣ ለመንኩት፤ እንደ ሲሚንቶ ድርቅ ብሎ ተቀመጠ። መምህሯ መጥታ ሳቀችብኝ። እርሾ ይህንን ስኳር መብላት አይችልም፤ እንኳን ሊጡን ሊነፋው ጭራሽ ይደክማል አለችኝ። ይህን ሳላውቅ ነው ብርጭቆ በብርጭቆ ብዬ የጻፍኩልህ።

ታዲያ ያንተ እንዴት ኩፍ አለ?

ደግሞስ ያን ሁሉ ዳቦ ብቻህን ጨርሰህ ሆድህ ጭጭ አለ? አይላ ከረሜላ በልታ የሆነችውን ጽፌልሃለሁ። አደን ተከፍቶ አንተ ቤት ቁጭ ማለትህስ? ሩስካ መቼ ታስቀምጥህና! በሩን እየቧጠጠች፣ ሱሪህን እየጎተተች አይደል እንዴ የምታስወጣህ? ወፍ ያየች እንደሆነ ጩኸቷ ሐይቁ ማዶ ድረስ ይሰማል። «ተኝታለች» ብለህ የጻፍካት ቃል አላስተኛ ብላኛለች።

ሱቅ ሄደህ ደውልልኝ እንዳልልህ መንደሩ ሁሉ ጆሮውን አቁሞ እንደሚሰማህ አውቃለሁ። ጻፍልኝ። እውነቱን ጻፍልኝ።

ሂልያ


ኖቬምበር 6 ቀን 1977

ሂልያ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ።

እርሾሽ አሳበቀብኝ። እሺ፣ ዋሽቻለሁ።

ሊጡን ሸፍኜ ምድጃው ጥግ አስቀምጬ ስጠብቀው አደርኩ። ንቅንቅ አላለም። በማለዳ እንደምንም ብዬ ጋገርኩት። የወጣው ነገር ለጣራ ክዳን ይሆናል እንጂ ሰው አይበላውም፤ አንዱን ነከስኩና ጥርሴን ላወልቅ ነበር። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ልጄ አስባ፣ ጠቅልላ፣ ያን ያህል መንገድ ልካልኝ አልሆነም ልበላት? አንጀቴ አልቻለም።

መጣል ደግሞ አልሆነልኝም። እናትሽ ዳቦ ሲጣል ስታይ ምን ትሆን እንደነበር ታውቂያለሽ። የቅዳሜ ዳቦ ድሮም ቢሆን እኩሌታው የሩስካ ነው፤ ያን ቀን ሁሉንም ሰጠኋት። እሷ ዳቦ ደረቀ አትል፣ ጠፍጣፋ ሆነ አትል። ጭራዋን እየቆላች ጨረሰችው።

እንግዲህ ሌላውንም ልንገርሽ። ሩስካ የለችም። በዚያው ቀን ሞተች።

ታኔሊ ጎተራው ውስጥ የአይጥ መርዝ እንደሚያስቀምጥ ታውቂያለሽ። ስንት ጊዜ ክደነው ብዬዋለሁ! ረፋዱ ላይ በእሱ ግቢ በኩል ስትመጣ አየኋት። እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። ደጃፍ ስትደርስ እግሯ ከዳት። ተሸክሜ ወጥ ቤት አስገባኋት፣ ሰውነቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳይመሽ አለቀች።

ሄጄ የተናገርኩትን ተናገርኩት። ገዳይ አልኩት። ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ ሰማኝ፣ አንዲት ቃል አልመለሰም። እሱ ባይሆን ኖሮ አይልም ነበር? ሁለተኛ ግቢዬ ውስጥ እንዳላይህ፣ ጭሴ ወጣ አልወጣ አያገባህም ብዬው ተመለስኩ። አርባ ዓመት አብረን አድነናል። ይኸው አበቃ።

አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል። ያንቺን ዳቦ ጠግባ ነበር። ሆዷ ሞልቶ ነው የሄደችው።

ለሰው እንዳትነግሪ እንጂ እሰማታለሁ። ሲነጋጋ ጥፍሯ በረንዳው ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ስከፍት የለችም። አሁን በሩን ገርበብ አድርጌ ነው የምተኛው፤ ውጭ እንዳታድርብኝ።

አባትሽ


ሄልሲንኪ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1977

አባዬ፣

እግዜር ያጽናህ። ሌላ ምን ልበልህ? ሩስካን ቡችላ ሆና በጆንያ ይዘሃት የመጣህ ቀን ዓይኔ ላይ አለ። አይላ አብራኝ አለቀሰች፤ አንድ ቀን እንኳ አይታት አታውቅም።

የምጠይቅህን ነገር ለምን ብለህ አትጠይቀኝ፣ መልሱን ብቻ ጻፍልኝ። ከዳቦው ምን ያህሉን በላች? ከበላች በኋላ ስንት ሰዓት ቆይታ ነው መንገዳገድ የጀመረችው? ከአፍዋ ወይም ከአፍንጫዋ ደም ወጥቶ ነበር?

እስከዚያ ድረስ ታኔሊን ምንም አትበለው። ቢቻልህ ይቅር በለው። ካልቻልክም ሁለተኛ ክፉ አትናገረው፣ በእማዬ ይሁንብህ።

በሩን ደግሞ ዝጋው። ኖቬምበር ነው እኮ!

ሂልያ


ዲሴምበር 11 ቀን 1977

ለሂልያ፣

እንደ ፖሊስ ጠየቅሽኝ፣ እንደ እስረኛ እመልሳለሁ። እኔ ከነከስኩት በቀር ሁሉንም በልታለች። ጠዋት በላች፣ ረፋዱ ላይ ተንገዳገደች። ደም የሚባል ነገር አላየሁም። ይኸው። አሁን ምን ሆነልሽ?

ይቅር በለው ላልሽው፣ አንቺ እዚያ ሆነሽ ይቅር ማለት ቀላል ነው። እኔ ባዶ ማሰሪያዋን ማየት ስላልቻልኩ ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ። ወደ ታኔሊ ቤት የሚያሳየውን መስኮት በጆንያ ጋርጄዋለሁ፤ መብራቱን ማየት አልፈልግም።

ላስደነግጥሽ ብዬ አይደለም፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው። ባለፈው ሳምንት እንጨት ልወስድ ወጥቼ ወደቅኩ። ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔ ጭልም አለ። ስነቃ በረዶው ሸሚዜ ላይ ተጋግሯል። ተነሳሁ። እንደምንም እየዳህኩ ቤት ገባሁ። ድሮ ቢሆን እስከዚያ ታኔሊ ደርሶ እየተሳደበ ያነሳኝ ነበር። ነርሷ ብቻህን መኖር የለብህም አለችኝ። ብቻዬን አይደለሁም ልላት ብዬ ተውኩት፤ እብድ ትለኛለች። ሩስካ አሁንም ትመጣለች። አንዳንዴ እስከ ምድጃው ድረስ ትገባ ይመስለኛል፣ ምንጣፉ ሞቆ አገኘዋለሁ።

ገና እየመጣ ነው። አልጋሽን አንጥፌዋለሁ።

አባትሽ


ሄልሲንኪ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1978

አባዬ፣

ለገና ያልመጣሁት ፈተና ስላለብኝ ነው ብዬ የላክሁልህ ካርድ ውሸት ነው። ፈተና አልነበረብኝም። ተማሪው ሁሉ አገሩ ሲገባ እኔ ባዶ ሕንፃ ውስጥ ብቻዬን ከረምኩ። ይህንን ነገር በሆዴ ይዤ አንተ ባነጠፍክልኝ አልጋ ላይ መተኛት አልቻልኩም።

ሩስካን የገደላት ታኔሊ አይደለም። እኔ የላክሁልህ ስኳር ነው።

አንተ የጻፍክልኝን ሁሉ ለመምህሬ ነገርኳት። በውሻ ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ከመደርደሪያ አውጥታ ሰጠችኝ። የበርች ስኳር ለሰው ሆድ ማላላት እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። የውሻ ገላ ግን ይታለላል። እውነተኛ ስኳር የመጣበት መስሎት ኢንሱሊን ያለ ልክ ያፈሳል፤ ኢንሱሊኑ ደግሞ ደሟ ውስጥ የነበረውን እውነተኛውን ስኳር ጠራርጎ ያወጣዋል። መንገዳገድ፣ እግር መክዳት፣ መንቀጥቀጥ። አንተ የጻፍከው ሁሉ ቃል በቃል እዚያ ወረቀት ላይ አለ። የአይጥ መርዝ ቢሆን በዚያች ጠዋት አይገድላትም፤ ቀን ይፈጃል፣ ደምም ይታያል።

አይላ የክፍላችንን ልጆች ሁሉ ጠየቀችልኝ። ውሻ እንደሚጎዳ ያውቅ የነበረ አንድም ሰው የለም። አንዷ እናቷ ቡችላ አላቸው፣ በበርች ስኳር የተሠራ ከረሜላ ልካላቸው ነበር፤ ሳትቀመጥ ወደ ስልክ ሮጠች። ስለ ሰው ምላስ፣ ስለ ሰው ጥርስ፣ ስለ ሰው አንጀት ጠይቁን፣ እናውቃለን። ከጠረጴዛው ሥር ማን እንደሚቀመጥ ግን ያሰበ ከመሃላችን አልነበረም። እኔ እኮ የዚያች ቤት ልጅ ነኝ! የቅዳሜ ዳቦ እኩሌታው የእሷ እንደሆነ እያወቅኩ ነው የላክሁት።

«በአንተ እጅ ነው የበላችው» የሚለውን ሳልጽፍ ለማለፍ ብዙ ሞከርኩ። አልቻልኩም። ያን ካልጻፍኩ ታኔሊን አታምነውም። አንተ አላወቅክም አባዬ። አዋቂ ነኝ ብዬ ብርጭቆ በብርጭቆ እያልኩ ያዘዝኩህ እኔ ነኝ።

ታኔሊ ጋ ሂድ። ይህን ደብዳቤ አንብብለት። በበረዶ ላይ ወድቀህ እንደነበር ካነበብኩ ጀምሮ በየጠዋቱ ስነቃ መጀመሪያ የማስበው ዛሬስ አባቴ ተነስቶ ይሆን ብዬ ነው። ሩስካን ገድያለሁ፤ አንተን ደግሞ ብቻህን አስቀርቼ ልግደልህ? የሚያነሳህ ሰው እሱ ብቻ ነው። በእኔ ጥፋት እንዳታጣው።

ሂልያ


ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1978

ለልጄ ለሂልያ፣

ዘገየሁብሽ። ደብዳቤሽን አንብቤ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አላውቀውም፤ አንዴ ባንቺ፣ አንዴ በራሴ፣ አንዴ በሞተችው እናትሽ ዳቦ አይጣልም ባለችው። ከዚያ ደግሞ ደከመኝ። የተከታተሉት ሁለት ደብዳቤዎችሽም ደርሰውኛል። ሞተሃል ወይ ላልሽው፣ አልሞትኩም።

እሑድ ሐይቁን በበረዶው ላይ አቋርጬ ታኔሊ ጋ ሄድኩ። ድንች ሲልጥ አገኘሁት።

«መጣህ?» አለ።

«መጣሁ» አልኩ።

«ጫማህን አራግፍ።»

አራገፍኩ። ቆሜ አነበብኩለት። እስክጨርስ ቢላውን ከእጁ አላስቀመጠም። ስጨርስ «እኔ አልነበርኩም ማለት ነው?» አለ።

«አልነበርክም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የተማረች ልጅ እኮ ነው የጻፈችው አንተ ሰውዬ!»

ያን ጊዜ አለቀሰ። ታኔሊ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፣ ወንድሙ የሞተ ጊዜ እንኳ አላለቀሰም። ለካ እኔ ነኝ የገደልኳት ብሎ ነው የከረመው። መርዙን የዚያን ዕለት ጉድጓድ ቆፍሮ ቀብሮት፣ አይጥ የዘር ድንቹን አንድ ሳያስቀር በልቶበታል። ለምን አልካድክም ብለው «ምን አውቄ ልካድ?» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት። «ተቀመጥ፣ ድንች ይበርድብሃል» አለኝ። በቃ ይኸው ነው።

ደግሞ ስሚ። ክረምቱን ሁሉ በየማለዳው ሐይቁን እያቋረጠ በረንዳዬ ሥር ቆሞ ሳሌን ሲሰማ ይመለስ ነበር። ጭሱን ብቻ አላምን ብሎ። እንጨት ልወስድ ወጥቼ የወደቅኩ ዕለት ግን ትኩሳት አስተኝቶት ነበር፤ ያን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። «ግቢዬ እንዳላይህ ብዬህ አልነበረም?» አልኩት። «መቼ አየኸኝ?» አለኝ።

«እንግዲህ ውሻዬ መጣች የምትለው የእኔ ኮቴ ነው» አለኝ። የቦት ጫማና የውሻ ጥፍር ለይቼ የማላውቅ ይመስልሻል? ዛሬ ጠዋት እሱ እኔ ዘንድ ወንበር ላይ ተኝቶ ሳለ ሰምቻታለሁ።

አሁን እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።

ነርሷ የደሜን ስኳር የሚያወርደውን መድኃኒት ስትሰጠኝ ቁራጭ ስኳር ከኪስህ አይለይህ ብላኛለች። እጅህ ሲንቀጠቀጥ፣ ላብ ሲያጠምቅህ አንዷን ጉንጭህ ውስጥ አድርግ ነው ያለችኝ። ደርሶብኝ አድርጌዋለሁ፣ ያነሳኛል። ያን የወደቅኩ ዕለትም ስኳሩን ከኪሴ አውጥቼ ነው የተነሳሁት። ደብዳቤሽን ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር እየመጣ ይታየኛል። ሩስካ ጭኔ ላይ ሆና ስትንቀጠቀጥ ስኳሩ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። አፍንጫዋን ኪሴ ላይ ትደፋው ነበር። ደህና ሁን የምትለኝ መስሎኝ ራሷን ዳበስኳት።

አንዷን ቁራጭ አፏ ውስጥ ባደርግላት ኖሮ ትነሳ ነበር?

እንዳታባብዪኝ። እኛ ቤት መባበል በዝቷል።

አባትሽ ኦይቫ


ሄልሲንኪ፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1978

አባዬ፣

የጠየቅከኝን ሳልመልስ ስለ ጤናህ መጠየቅ መሸሽ መሰለኝ።

አዎ። ልትነሳ ትችል ነበር።

ራሴን አላመንኩም፤ ሄጄ የእንስሳት ሐኪም ጠየቅኩ። ያን ያህል ከበላች አንድ ቁራጭ ስኳር ብቻውን አይበቃትም ነበር አለኝ። ቶሎ ቶሎ ቢደገምላትና እስከ ማታ ቢያቆያት ግን፣ ከዚያም ሐኪም ዘንድ ብትደርስ፣ መትረፍ ትችል ነበር። «ትተርፍ ነበር» አላለኝም፣ «ትችል ነበር» ነው ያለኝ። ከዚህ የሚያሳምር ቃል እንዲሰጠኝ ጠብቄው ነበር፤ አልሰጠኝም። ምንም ማድረግ አትችልም ነበር ብዬ የጻፍኩት ወረቀት ቀድጄዋለሁ፤ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነበር፣ ታምነኝ ነበር።

ለምን ኪስህ ላይ አፍንጫዋን እንደደፋች አላውቅም። ሐኪሙም አያውቅም። ስኳሩ ሸቷት ሊሆን ይችላል። አንተን ፈልጋም ሊሆን ይችላል። ይህን ማንም አይነግርህም፣ እኔም የማውቅ መስዬ አልነግርህም።

የሚመጣው ዓርብ በባቡር እመጣለሁ። መምህሬን አስፈቅጃለሁ፣ እስከ ፋሲካ እቆያለሁ። ታኔሊን ይዘኸው ጣቢያ ና፤ እሱን ደግሞ ፊት ለፊት ይቅርታ ልጠይቀው፣ በደብዳቤ አይሆንም። ከባቡር ስወርድ ዓይንህን ለማየት እፈራለሁ፣ ከአሁኑ ነግሬሃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እንደ ልማድህ ሻንጣዬን ተቀብለህ «ምንም አይደል፣ እንኳን መጣሽ» ብለህ እንዳታልፈኝ። ተቆጣኝ አባዬ።

ልጅህ ሂልያ